አባ ወራው መምህር ነው

መድን የሚለውን ቃል ጠጋ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? መዳን፣ መድኃኒት፣ መድን፤ ከአንድ ማሕፀን የወጡ እህትማማቾች ይመስላሉ። ቤተ ክርስቲያን ቆመን ስንሰማው ቃሉ ከላይ የሚወርድ ነው። ወጥተን አስፋልቱን ስንሻገር ደግሞ መኪና መስታወት ላይ የተለጠፈች ትንሽ ወረቀት ይሆናል። በእኛ ከተማ በጭሮ፣ ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ በሚሏት ማለቴ ነው፣ ከፍጥረት ሁሉ መድን በመግባት የሚቀድመው ጫት ጫኙ አይሱዙ ነው። ጥሩንባውን እየነፋ በመካከላችን እንደ ጥይት ሲያልፍ እኛ ዘልለን ቦይ ውስጥ እንገባለን። እሱ ቢጋጭ መድን አለው፤ ቢገለበጥ መድን አለው። ቦይ ውስጥ የገባነው ግን እንዲሁ ነን። እግራችን ቢወለም የራሳችን ጉዳይ ነው።

ይህን ያስተዋልኩት እኔ አይደለሁም፣ ባሌ ነው። ደምሴ ይባላል። የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነው። ነበር ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ እሱን እመጣበታለሁ፣ ትንሽ ታገሡኝ። አይሱዙው ባለፈ ቁጥር ቆም ብሎ በዓይኑ ይሸኘውና «አየሽው? ይህ ብረት ከእኛ ልጅ ይልቅ አሳቢ አለው» ይለኝ ነበር። በምሬት አይደለም የሚለው። ደምሴ በሚያናድደው ነገር መጀመሪያ ይስቅበታል፤ ካላሳቀው ብቻ ነው የሚናደደው።

ሁለታችንም የዚህ አገር ሰዎች አልነበርንም። ደምሴን ከሸዋ ብርድ አንስተው መጀመሪያ መሰላ የምትባል ከተማ መደቡት፣ ከዚያ ወደ ቦርደዴ አዛወሩት። እኔም የስፌት መኪናዬን ተሸክሜ ተከተልኩት፤ የደረስንበት ከተማ ሁሉ የተማሪ ዩኒፎርም ስለማይጠፋ ሥራ አላጣሁም። ልጃችን ትርሲት የተወለደችው ቦርደዴ ሳለን ነው። ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ያቀላል፤ እሷ ግን ባለቀሰች ቁጥር ከንፈሯ እንደ ቀለም የነካው ሆኖ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። እኔ ጥላ ወጊ አልኩ፣ ጎረቤት ቡዳ አለ፣ ደምሴ ሐኪም ቤት አለ። ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ ተባልን። ትንሽ ከፍ ስትል ደግሞ በተኛችበት ትንቀጠቀጥና ዓይኗ ይገለበጥ ጀመር፤ ይኸኛው የሚጥል በሽታ ነው ተባለ። በአንዲት ጫጩት የምታክል ገላ ውስጥ ሁለት ትልልቅ እንግዶች ተጋፍተው ገቡ።

ለሐኪሙ ቅርብ እንድንሆን ብሎ ደጅ ጠንቶ ወደ ጭሮ ተዛወረ። ከዚያ በኋላ የቤታችን ዋና ሥራ መድን ፍለጋ ሆነ። መድኃኒቱ የዕድሜ ልክ ነው፤ ምርመራው አዲስ አበባ ነው፤ አንድ ቀን ደግሞ ቀዶ ጥገና ይመጣል። የአስተማሪ ደሞዝ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ወይ አስተማሪ ናችሁ ወይ አስተማሪ አስተምሯችኋል።

በመጀመሪያ ወደ አንድ የመድን ድርጅት ቅርንጫፍ ሄደ። የክት ልብሱን ለብሶ ነው የሄደው። ከረባት ያሰረ ልጅ ወንበር ስቦ አስቀመጠው፣ ውኃ ሰጠው፣ ጉዳዩን በጥሞና ሰማው። ከዚያ በትሕትና «ጋሼ፣ እኛ ድርጅቶችን እንጂ እንዲህ ነጠላ ሰው አንይዝም፤ ቢሆንም እንኳን ቤት ከተቃጠለ በኋላ የእሳት መድን አይሸጥም» አለው። ደምሴ ውኃውን ጠጥቶ ጨረሰና «ወንድሜ፣ ልጄ እኮ አልተቃጠለችም። ገና እየበራች ነው» ብሎት ወጣ። ቤት መጥቶ ሲነግረኝ ይስቅ ነበር። ማታ ግን ራቱን አልበላም።

ቀጥሎ የማኅበረሰብ ጤና መድን የሚባለው መጣ። እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ገበሬው፣ ጉልት ቸርቻሪዋ፣ ጋሪ ነጂው፣ ጫት አሳሪዋ በዓመት አንዴ ያዋጣሉ፤ የታመመው ቤተሰብ ይታከምበታል። እንዴት ያለ ደግ ነገር ነው! የሚገባው ግን ሰው ሳይሆን ቤት ነው፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ቤት። የመንግሥት ደሞዝ የሚበላ ሰው ያለበት ቤት ደግሞ አይገባም፤ ለእኛ ዓይነቱ ሌላ ተዘጋጅቷል፣ ይመጣል ተብሏል። ደምሴ ለዓመታት ሲመጣ ጠበቀው። «ይመጣል የሚባለው ግሥ እኮ ኃላፊ ጊዜ የለውም» ይል ነበር፣ የሰዋስው መምህር ሳይሆን።

አንድ ክረምት ከቤታችን ጓሮ፣ ከልብስ ማስጫው ሥር፣ በቆሎ ዘራ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። እሸቱ ሲደርስ አንድ እቅፍ ይዞ ቀበሌ ሄደና «ገበሬ ሆኛለሁ፣ መዝግቡኝ» አላቸው። የቀበሌው ሰዎች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ እሸቱንም ተካፍለው ጠብሰው በሉለት። ወደ ቤት ባዶ እጁን ተመልሶ «ግብር ከፍዬ መጣሁ» አለኝ። ሰው እንዲህ ያለ ባል ሲኖረው ችግር እንኳን የሚቀል ይመስለዋል። አይቀልም፤ የሚሸከመው ሰው ስላለ ነው።

ጎረቤታችን አደ ሶፊያ፣ እትዬ ሶፊያ እንደ ማለት ነው፣ ነገሩ ሁሉ አንገፍግፏት ነበር። አደ ሶፊያ ጫት ነጋዴ ናት፤ ጠዋት ከመሰላ በኩል የሚመጣውን ትቀበላለች፣ በኮባ ቅጠል ታሳስራለች፣ ሹፌሮቹን ትሳደባለች። አማርኛዋ ፈጣን ነው፤ አንተና አንቺን፣ እሱንና እሷን ለመለየት ግን ጊዜ የላትም። እኔን ሃዳ ትርሲት ትለኛለች፣ የትርሲት እናት ማለቷ ነው። አንድ ቀን በአጥር በኩል ብቅ ብላ፣

«አንቺ መምህር!» አለችው ደምሴን።

«አቤት አደ ሶፊያ።»

«እኔ ቤት ስንት ልጅ አለ? እኔም አላውቅም። ጤና መድን ስንታደስ አንዷን ትርሲትን እጨምራለሁ። ማን ይቆጥራል? ቶፊቃ እንላታለን፣ ያልቃል።»

ደምሴ ቆቡን አወለቀላት። «ረቢ ይስጥሽ» አላት፣ በእሷው ቋንቋ። «ግን ልቧን የሚያዳምጣት ሐኪም በስሟ ይጥራት። በሰው ስም የምትድን ከሆነ የዳነችው ማን እንደሆነች በኋላ አናውቅም።»

«ወላሂ ይኼን ሰውዬ መጽሐፍ አበላሽቶታል» አለችኝ ለእኔ፣ እሱ እዚያው ቆሞ ሳለ።

እንዲህ እያልን፣ አሰቦት ገዳም ወጥተን ጠበል እያስጠመቅን፣ አደ ሶፊያም በበኩሏ ዱዓ እያስደረገች፣ ትርሲት ሁለተኛ ክፍል ደረሰች። ሁላችንም ጆሯችንን የእሷ ደረት ላይ ለጥፈን ነበር የምንኖረው። የእሱን ልብ ማንም አላዳመጠውም። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ እያስተማረ፣ ጠመኔ በእጁ እንደያዘ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ተማሪዎቹ ሊያስቃቸው መስሏቸው ጠበቁት።

ስለ ለቅሶው ብዙ አልጽፍም። ያለቀሰ ያውቀዋል። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ድንኳኑ ውስጥ አደ ሶፊያ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ነጠላዬን አስተካክላልኝ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ሃዳ ትርሲት፣ የምነግርሽ ጊዜው አይደለም። ግን ጊዜው ያልቃል።»

«የምን ጊዜ?»

«የጤና መድን ምዝገባ። እዚህ ቤት አሁን የመንግሥት ደሞዝ የሚበላ ሰው የለም። አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽ። አሁን ትገቢያለሽ።»

ገፍትሬያት ልነሣ ምንም አልቀረኝም። ስንት ዓመት በከረባት፣ በእሸት፣ በደጅ ጥናት ያላገኘነውን፣ ወንበር ስቦ በመቀመጥ አገኘልን ማለት ነው? ፊቴን አዞርኩባት። እሷም አልደገመችውም። ሳምንታት ሲያልፉ ግን ትርሲት ትምህርት ቤት ወደቀች፤ ሐኪሙም አዳመጣትና ፊቱን አጠቆረ። «የአዲስ አበባው ምርመራ መዘግየት የለበትም፤ መድኃኒቱም አንድ ቀን እንኳን እንዳይቋረጥ» አለኝ። ምዝገባው የሚዘጋው በዚያው ሳምንት ነበር። ከተዘጋ የሚከፈተው በዓመቱ ነው። አንድ ዓመት ለእናንተ ምን እንደሆነ አላውቅም። ከንፈሯ ለሚጠቁር ልጅ ረጅም ነው።

ሄድኩ። ትርሲትን ከአደ ሶፊያ ጋር ትቼ ብቻዬን ሄድኩ። በመንገድ ላይ ስለማመድ ነበር። በአማርኛ ባል የሌላት፣ ቤቱን ራሷ የምታስተዳድር ሴት እማወራ ትባላለች። ክቡር ቃል ነው፤ ስሰማው ኖሬያለሁ፣ ሌሎች ሴቶች ሲባሉት። ለራሴ ለማለት ስሞክር ግን ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ይሰነቀራል። እማወ… እማወ… እያልኩ የቀበሌው በር ላይ ደረስኩ።

መዝጋቢዋ ፈቲያ የምትባል ወጣት ናት። ሕዝቡን ከጠዋት ጀምሮ ስታናግር ድምጿ ጎርንኗል። ተራዬ ሲደርስ ቀና ሳትል፣ «አባ ወራ ሞ ሃዳ ወራ?» አለችኝ።

የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ኦሮምኛ ነው። ሞ ማለት ወይስ ማለት እንደሆነ ከጤፍ ሻጮች ተምሬያለሁ፤ አዲ ሞ ዲማ፣ ነጭ ወይስ ቀይ። ሃዳ እናት እንደሆነ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ሃዳ ትርሲት ሲለኝ ነው የከረመው። እናትና ወራን ገጣጠምኩት፤ እማወራ! በአንድ በኩል እፎይ አልኩ። በራሴ ቋንቋ አልወጣ ያለኝ ቃል በሰው ቋንቋ ሲሆን ጉሮሮ አይቧጥጥም። ደረቴን ነፍቼ፣ «ሃዳ ወራ» አልኳት።

ፈቲያ ኦሮምኛዬ እስከዚያ ድረስ ብቻ እንደሚሄድ ከአነጋገሬ ገባትና ወደ አማርኛ መጣችልኝ። «እሺ። አባ ወራው ምን ይሠራል?»

«መምህር ነው።»

እንዲህ አልኩ። ምላሴ ነው ያለው። እስኪ ፍረዱኝ፤ በክሊኒኩ፣ በትምህርት ቤቱ፣ በቤት ኪራዩ፣ በሄድኩበት ሁሉ ይህን ጥያቄ ሲጠይቁኝና ይህን መልስ ስመልስ ነው የኖርኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንኳን አላየሁትም።

ፈቲያ እስክሪፕቶዋን አስቀመጠች። «እህቴ፣ የደሞዝተኛ ቤት እዚህ አይመዘገብም። የእናንተ ሌላ ነው። ይመጣል ተብሏል።»

ይመጣል! ያንን ቃል ከእሱ ጋር የቀበርኩት መስሎኝ ነበር። ከኋላዬ ያሉት ይገፋፋሉ፤ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ የምናደደው በመንግሥት ነበር። ሞቶም ከደሞዝ መዝገብ አልፋቁትም፣ መቃብር ድረስ ተከትለውት ሄዱ፣ እያልኩ ብቻዬን አጉተመትማለሁ። የሚያልፈኝ ሰው ሁሉ መንገድ ይለቅልኛል፤ እብድ ሳልመስለው አልቀረሁም።

አደ ሶፊያ በረንዳዋ ላይ ጫት እያሳሰረች ነው። ትርሲት አጠገቧ ተቀምጣ የኮባ ቅጠል ትቀድዳለች፤ ትንፋሽ የማይጠይቅ ሥራ ስለሆነ ይህንን ፈቅደንላታል።

«ተመዘገብሽ?»

«አይሆንም አሉኝ።»

«ማነው አይሆንም ያለው? ፈቲያ? የአሚና ልጅ? እናቷን ነው የምነግራት! ምን አለችሽ? አንቺስ ምን አልሽ? አንድም ቃል ሳታስቀሪ።»

አንድም ቃል ሳላስቀር ነገርኳት። ሃዳ ወራ የሚለው ላይ ስደርስ ዓይኗ ፈጠጠ። መምህር ነው የሚለው ላይ ስደርስ ሻሿ ከራሷ እስኪወድቅ ሳቀች። ጫት አሳሪዎቹም ሳቁ፤ ትርሲት ነገሩ ሳይገባት ሰው ሲስቅ አይታ ሳቀች።

«አንቺ! ሃዳ ወራ እኮ ሚስት ነው! ባል ያላት! አባ ወራ ባልየው፣ ሃዳ ወራ ሚስቲቱ።»

«እማወራ ማለት አይደለም?»

«እማወራ የእናንተ ነው። ቢሮ ውስጥ አንዳንዴ ባል ለሌላትም ይላሉ። እሺ፣ እሱ ይሁን። አንቺ ግን ከእሱ ላይ ጨምረሽ መምህር ነው አልሽ። ነው! ልጅቷ ምን ታድርግ? ጂን ትመዝግብ?»

እኔም መሳቅ ነበረብኝ። ግን አልሳቅኩም፤ አላለቀስኩምም። በጭሮ ከተማ፣ በአንድ ቢሮ ውስጥ፣ በአንዲት የደከመች ልጅ ጆሮ፣ ደምሴ በሕይወት አለ ማለት ነው። አስተማሪ ነው። ደሞዙን ይበላል። ልጁን መድን ለማስገባት አይፈቀድለትም። ከዚህ የበለጠ እሱን የሚመስል ነገር ማን ሊናገር ይችላል? ተመልሼ ማፍረስ ያለብኝ ይህንን ነው። እዚያው በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ።

አደ ሶፊያ ፊቴን አየችና ሳቋን ዋጠች። ሻሿን አንሥታ እንደገና አሠረች።

«አብሽሪ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ነገ የመጨረሻ ቀን ነው። ሄደሽ ታስተካክያለሽ።»

«ሄጄ በአፌ ልገድለው?»

«አስተግፊሩላህ! አላህ የወሰደውን አንቺ አትገድይም። አንቺ ነበር ትያለሽ። ያ ብቻ ነው።»

ያ ብቻ ነው። ነውን ነበር ማድረግ። ተማሪ ሆነን ደብተር ላይ ስንሠራው አንድ መስመር አይሞላም።

በነጋታው ሦስታችንም ሄድን። የመጨረሻው ቀን ስለሆነ ሰልፉ ከግቢው ወጥቶ መንገድ ይዟል። አደ ሶፊያ እንደ ሹፌሮቿ እየተሳደበች ልታስቀድመን ብትሞክርም፣ ዕድሜ ለሌሎቹ ተሳዳቢዎች፣ ተራችንን ጠበቅን። ትርሲት ደክሟት ጀርባዬ ላይ ታዝላ ትከሻዬን ተደግፋለች። ከኋላችን ጥምጣማቸውን ወደ ኋላ የገፉ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ሰልፉን ሁሉ ሲያስቁ የቆዩት እሳቸው ናቸው።

ፈቲያ አወቀችኝ። «ትናንት ነግሬሽ የለም እህቴ?»

አደ ሶፊያ አፏን ስትከፍት እጇን ያዝኳት። ይህን የሚናገርልኝ ሰው አልፈለግሁም። «አባ ወራው» አልኩ። «አባ ወራው መምህር ነበር።»

አልኩት! ወጣ! መሬቱ አልተከፈተም፣ ጣራው አልወደቀም። ፈቲያ ግን እስክሪፕቶዋን እንደያዘች፣ በመልካም ፊት፣ «ነበር? አሁንስ ምን ይሠራል?» አለችኝ።

ከኋላዬ ሽማግሌው ቀበል አድርገው፣ «ጫት ነጋዴ ሆኗላ! ከጠመኔ ጫት ይሻላል!» አሉ። ሰልፉ ሳቀ። የሚገርማችሁ፣ ደምሴ እዚያ ቢቆም ከሁሉ በላይ የሚስቀው እሱ ነበር።

ጨዋ አማርኛዬን አወጣሁ። እኛ ቤት ሰው አይሞትም፤ እኛ ቤት ሰው ያርፋል። «አርፏል» አልኳት።

«አርፏል?» አለች ፈቲያ ግራ ተጋብታ። «ክረምት ሳይመጣ? ትምህርት ተዘጋ እንዴ?»

ይኸውላችሁ። የቀረኝ መጠጊያ ይኸው ቃል ነበር፤ እሱም ተወሰደብኝ። ይህ ከተማ ጨዋ ቃል ውስጥ አያስደብቅም። ዞር ብዬ አደ ሶፊያን አየኋት፤ ከንፈሯን ነክሳ ወደ መሬት ታያለች። የትርሲት ትንፋሽ አንገቴ ላይ ይሰማኛል፤ አጭር፣ ፈጣን ትንፋሽ። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ የሚገቡት ሁሉ እርስ በርስ ሲቀባበሉት ስሰማ የነበረች አንዲት አጭር የኦሮምኛ ቃል አለች። እሷን አነሣኋት።

«ዱኤ» አልኩ። ሞተ።

ፈቲያ ከወንበሯ ተነሣች፤ ለምን እንደተነሣች የምታውቅ አትመስልም። ሽማግሌው ጥምጣማቸውን ወደ ፊት መለሱና «ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ፤ ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ «ልጄ፣ አፌን ይቁረጠው። አላወቅሁም» አሉኝ። «እሱም ይስቅ ነበር፣ አባቴ» አልኳቸው። እውነቴን ነው።

ፈቲያ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ድምጿ አልጎረነነም። ስሜን ጠየቀችኝ። ሥራዬን ጠየቀችኝ። «አሁን የቤቱ አባ ወራ አንቺ ነሽ» ብላ መዘገበችኝ። አባ ወራ መሆኔ ያን ጊዜ አልከበደኝም፤ በኋላ ነው የከበደኝ፣ ቧንቧ ሲፈነዳ።

«ቤተሰብ?»

«ትርሲት ደምሴ።»

ትርሲት ራሷ ቀና ብላ ዕድሜዋን በጠራ ኦሮምኛ ነገረቻት። ፈቲያ ፈገግ አለችና ጻፈች። እኔ ቀጣዩን ጥያቄ ተዘጋጅቼ እጠብቃለሁ። የሐኪም ወረቀቶቹን ሁሉ በፌስታል ይዣለሁ፤ ቀዳዳው የት እንደሆነ፣ መጣል የጀመራት መቼ እንደሆነ፣ ባለ ከረባቱ ልጅ ያን ጊዜ የጠየቀውን ሁሉ በቃሌ አጥንቻለሁ። ፈቲያ «ቀጣይ!» አለች።

«በሽታዋን አልጠየቅሽኝም» አልኳት።

«ለምን እጠይቃለሁ?» አለችኝ፣ ከልቧ ገርሟት። «ልጅሽ አይደለች?»

ከቢሮው ስወጣ ያለቀስኩት ለዚህ ነው። ለሞቱ ብዙ አልቅሻለሁ፤ ይኼኛው ሌላ ነው። ሰውዬው ይህንን አንድ ዓረፍተ ነገር ሲፈልግ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። አደ ሶፊያ መንገዱን ሁሉ እጄን ሳትለቅ፣ ትርሲትን በጀርባዋ አዝላ፣ የሚያልፈውን አይሱዙ ሁሉ በስም እየጠራች ሰደበችልኝ።

አሁን ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። መድኑ መድኃኒት አይፈጥርም፤ መደርደሪያው ላይ የሌለ መድኃኒት መድን ላለውም ለሌለውም የለም። የአዲስ አበባው ሪፈር ተጽፎልን ሄደናል፤ ልቧን በማሽን አይተውታል፤ ቀዶ ጥገናው ወረፋ ነው፤ ወረፋው ረጅም ነው። እንጠብቃለን። መጠበቅ ለእኛ ቤት አዲስ አይደለም። አሁን የምንጠብቀው ግን ከመስመሩ ውስጥ ሆነን ነው፤ ከአጥሩ ውጭ አይደለም። ልዩነቱን ከአጥር ውጭ የቆመ ያውቀዋል።

የመጀመሪያው ቀን ግን ትዝ ይለኛል። መታወቂያው እንደደረሰን የትርሲትን መድኃኒት ልንወስድ ሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ቆመናል። የዚያን ቀን መደርደሪያው ሞልቶ ነበር። መድኃኒት ሰጪው ሽሮፑንና ክኒኑን በፌስታል አድርጎ፣ ጠዋትና ማታ ብሎ አስረድቶኝ ገፋ አደረገልኝ። እኔ እንደለመድኩት ቦርሳዬን ከፍቼ እዳብሳለሁ።

«ይቀመጥ እናቴ» አለኝ። «ተከፍሏል።»

ትርሲት ነጠላዬን ጎተተችኝ። «ማነው የከፈለው?»

እውነቱን ለማስረዳት ጀምሬ ነበር። አደ ሶፊያ ከፍላለች፣ ሰልፉ ላይ የነበሩት ሽማግሌ ከፍለዋል፣ ጋሪ ነጂው፣ ሽንኩርት ሻጯ፣ የመሰላ ገበሬ፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ አዋጥተው፤ እኛም አዋጥተናል። እሷ ግን መልሴን አልጠበቀችም። ፊቷ በራ።

«አባዬ ነው?»

መድኃኒት ሰጪው ቀና ብሎ አየኝ። ኋላዬ ሰው ቆሟል። ከረባቱን፣ እሸቱን፣ ወንበር ስቦ መቀመጡን አሰብኩ።

«አዎ» አልኳት። «አባዬ ነው።»

ትርሲት መስኮቱን አየች፤ ሰውዬውን አየች፤ ባዶ እጄን ገልብጣ አየች። ሱቅ የምንልካት ልጅ ናት፤ ሒሳብ አትስትም።

«መልስ የለውም?» አለችኝ።

የለውም፣ ልጄ። ነይ እንሂድ።